መኪናው አልሄደም እንበል

ባለፈው ሳምንት ያላነበባችሁ ካላችሁ ያመለጣችሁ ይህ ብቻ ነው፤ አንድ መኪና ዳገት መሃል ቆሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

መኪናው የጋሽ ረጀፕ ነው። ነጭ፣ አሮጌ የጀርመን መኪና፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር ኦቶማቲክ። በአልባኒያዋ ከተማችን በጂሮካስትራ ካገቡት ሴቶች ግማሾቹ ከአባታቸው ቤት የወጡት በዚህ መኪና ነው። ጋሽ ረጀፕ ከሚስቱ ይልቅ ለመኪናው ነው ጥሩ ቃል የሚያወጣው። ሚስቱም ይህን ታውቃለች፤ መቀመጫውን የምታጥበው ራሷ ነች። ልጃቸው ፔትሪት ክላርኔት ይነፋል። አባት ሙሽራ ይጭናል፣ ልጅ ከኋላ እየነፋ ይከተላል። በከተማው ሰርግ ሁሉ የሚገኝ፣ የራሱ ሰርግ ግን የሌለው ልጅ ነው።

ብሪኬና ደግሞ ከላይ ናት፣ ዳገቱ ላይ ካለው ሰፈር ከዱናቫት። የድንጋይ ቤት፣ የድንጋይ ጣሪያ፣ የድንጋይ አባት። አባቷ አቶ ጀቭዴት ከታች ሰፈር የመጣን ሰው ሲያናግሩ ቁልቁል ነው የሚያዩት፣ ሰውየው ቢረዝማቸው እንኳ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ብሪኬና መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ፔትሪት ባለፈው ክረምት ጉሮሮውን ሳያመው የጉሮሮ ሽሮፕ ገዝቶ ጨርሷል።

እንግዲህ ያን እሑድ እነ ጋሽ ረጀፕ ብሪኬናን ለፔትሪት ሊጠይቁ ወጡ። ጋሽ ረጀፕ መሪው ላይ፣ አማላጁ ሽማግሌ ከጎኑ፣ ከኋላ ሁለት አክስቶች፣ በመሃላቸው ፔትሪት፣ ጉልበቱ ላይ አንድ ትሪ ባቅላቫ። ዳገቱ መሃል ያለው ጥምዝዝ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን ቆመ። ጋሽ ረጀፕ ነዳጅ ሰጠው፤ ጩኸቱ ባሰ። ከዚያ መኪናው ቀስ ብሎ፣ ልክ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ነጭ ጭስ እንደ አንሶላ መንገዱ ላይ ተዘረጋ። ይህን ያየሁት ከመስኮቴ ነው። መስኮቴ ጥምዝዙ ላይ ስለሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ መዝናኛ አላስፈለገኝም።

በየደጁ የተቀመጡት ጎረቤቶች «ምነው ጋሽ ረጀፕ፣ ምን ሆናችሁ?» አሉት።

አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሰዓቱ አልተመቸንም» አለና ቁልቁል ወረደ።

በኛ ከተማ ልጅ ሊጠይቅ የወጣ ሰው በሩ ጋ ሳይደርስ ከተመለሰ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ስለልጅቷ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ሰምቷል። ምን እንደሰማ ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም የየራሱን ይሞላል። ብሪኬና ያን ማታ ሳታውቀው የሦስት ሰው ወዳጅ፣ የአንድ በሽታ ባለቤት ሆና አደረች። ጋሽ ረጀፕ ይህን ይወቅ አይወቅ እንጃ። እኔ የማውቀው፣ መኪናው አቃተው ከሚባል ከተማው ሁሉ ሙሽራዋን ጠላት ቢለው እንደሚመርጥ ነው።

ሰኞ ፔትሪት በእግሩ ወጣ። አቶ ጀቭዴት በሩን ገርበብ አድርገው ሰሙት።

«መኪናው ነው እንጂ እኛ አይደለንም። ዳገቱ ላይ አዳለጠው።»

«የትኛው መኪና?»

«የአባቴ።»

«ነጩ?»

«አዎ።»

«ነጩ ዛሬ ጠዋት በበሬ አልፎ እስከ ጫፍ ወጥቶ ወርዷል። አባትህ ዞር ብሎም አላየኝ።»

እውነት ነበር። ጋሽ ረጀፕ ሲገላበጥ አድሮ ሲነጋ ብቻውን ዳገቱን ሞክሮታል። መኪናው እንደ ፍየል ነው የወጣው። እሱም ምንም እንዳልሆነ ደምድሞ ቁርሱን ሊበላ ገባ።

«እንግዲህ ያዳለጠው መኪናው አይደለም» አሉ አቶ ጀቭዴት፤ በሩ ተዘጋ።

ፔትሪት ቀና ሲል ብሪኬና ፎቅ ላይ መስኮቱ ጋ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ እጇንም አላነሣችም። የማታውቀው ሰው የሰጣትን ማዘዣ እንደምታነብ ሁሉ ፊቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ መጋረጃውን ለቀቀች። ፔትሪት ዳገቱን ሲወርድ በመስኮቴ ሥር አለፈ፤ ሰላም አልኩት፤ አልሰማኝም።

*

ሜካኒኩ ኡስታ ዜፍ የሰሜን ሰው ነው፣ ከሽኮድራ። ጂሮካስትራ ውስጥ የማንም አጎት ወይም አማች ያልሆነ ሜካኒክ እሱ ብቻ ስለሆነ ሰው የሚያምነው ለእጁ ብቻ ሳይሆን ለዘመድ አልባነቱም ነው። ብሪኬና በማግስቱ በምሳ ሰዓት ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ጋራዡ ገባች። ዜፍ መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«እሑድ ዳገት ያቃተው መኪና ሰኞ ሊወጣ ይችላል?»

«ይችላል» አለ እግሩ።

«እንዴት አድርጎ?»

«እሑድ ስንት ሰው ነበር?»

«አምስት።»

«ሰኞስ?»

«አባትየው ብቻውን።»

«እሑድ ከቤት ነው የተነሡት?»

«አክስቶቹን ከመንደር አምጥተው ነው የወጡት።»

«ስለዚህ ሞቆ ነበር፤ ተጭኖም ነበር። ሰኞ ቀዝቃዛና ባዶ።» እግሩ ትንሽ አሰበ። «መድኃኒት ቤት ስትሠሪ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ብቻ የሚያስለው ሰው አልመጣብሽም?»

«ሞልቷል።»

«ተኝቶበት ሲነሣ ደህና ነኝ ይላል አይደል። ጭስ ነበረው?»

«ነጭ። እኛ ሰገነት ድረስ ነው የመጣው። ስኳር ሲያር ይመስላል ሽታው።»

ዜፍ ከመኪናው ሥር ወጣ። ፊቱ ላይ የዘይት ጭረት አለ፤ እጁን ጠረገ።

«መኪናው ነው ማለት ነው?» አለች።

«ሳላይ አልምልም። መኪና ያዳልጠዋል፤ ሰውንም ያዳልጠዋል። እኔ የምመረምረው መኪናውን ነው።»

«ሰውየውን እኔ እመረምራለሁ።» ከኪሷ የማዘዣ ወረቀት አወጣች፤ አንድ መስመር ጻፈች፤ አጠፈችው። «ይህን ለፔትሪት።»

ዜፍ ጨዋ ሰው ስለሆነ አላነበበውም። ፔትሪት ግን ለአክስቱ ለእትዬ ናጂዬ አሳያት፤ ለእትዬ ናጂዬ ማሳየት ማለት አደባባዩ ላይ መለጠፍ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦

«መኪናው አልሄደም እንበል። እግርህስ?»

እትዬ ናጂዬ አንብባ አንብባ «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለችው። «እኔ እንኳ አጠገብህ ተቀምጬ እግር እንዳለህ ረሳሁት።»

ፔትሪት መልስ አልጻፈም። ያን ሳምንት ሁለት ሰርግ ላይ ነፋ። በሁለቱም ሙሽሮቹ እስኪንሰቀሰቁ አለቀሱ፤ ሰው የደስታ መስሎት አጨበጨበ።

*

የዜፍ ሐሳብ አጭር ነበር። እሑድ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክብደት፣ ከልጅቷ ወገን አንድ ምስክር ይዘን እንውጣ፤ ካዳለጠ መኪናው ነው፤ ካላዳለጠ እናንተው ተነጋገሩ።

ጋሽ ረጀፕ አሻፈረኝ አለ። «መኪናዬ ጤነኛ ነው። የካምቢዮውን፣ የማርሹን ዘይት በየጠዋቱ እለካለሁ።» ኮፈኑን ከፈተ፤ ሞተሩ እንደጠፋ መለኪያውን መዘዘና አሳየው። «ይኸው፣ ከምልክቱ አልፏል።»

ዜፍ አየው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለካው?»

«ሁልጊዜ።»

«ጥሩ» አለ ዜፍ። «ጤነኛ ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

ይህን ተብሎ እምቢ የሚል ወንድ በኛ ሰፈር ገና አልተወለደም።

እሑድ ግን ቁጥሩ ጎደለ። አማላጁ ሽማግሌ «ሁለተኛ አልዋረድም» ብለው ቀሩ፤ በቦታቸው ዜፍ ከፊት ተቀመጠ። ሁለተኛዋ አክስት ወገቧን አመማት፤ በቦታዋ ምስክሩ አቶ ጀቭዴት ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ።

«እኔ ከሴትየዋ እቀላለሁ» አሉ ሲቀመጡ። «ሚዛኑ አይገጥምላችሁም።»

«አስቤበታለሁ» አለ ዜፍ፣ ጉልበታቸው ላይ አንድ ትንሽ ጆንያ ዱቄት አስቀመጠላቸው።

እንደ ባለፈው መንደር ደርሰው ተመልሰው፣ መኪናው በደንብ ሞቆ፣ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ጀመሩት። ዱናቫት ሁሉ ደጅ ወጥቷል። እኔ መስኮቱን ከፍቻለሁ። ፔትሪት በእትዬ ናጂዬና በአቶ ጀቭዴት መሃል ተጣብቆ ትሪውን ይዟል። ከላይ፣ መንገዱ የሚያልቅበት በር ላይ ብሪኬና ቆማለች፤ ከዚህ ሲያዩዋት ከአውራ ጣት አትበልጥም።

ጥምዝዙ ጋ ሞተሩ ጮኸ። ዜፍ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «አሁን ማርሹን ሳተ» አለ በቀስታ፣ ሐኪም ለነርሷ እንደሚናገረው። መኪናው ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ነጩ ጭስ ወጣ። የጋሽ ረጀፕ አንገት ቀላ።

ከደጃፍ አንዱ ሽማግሌ «ጋሽ ረጀፕ፣ ዛሬም ሰዓቱ አልተመቸም?» አሉ።

ያኔ ነው ፔትሪት የተናገረው። «አቶ ጀቭዴት፣ ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ።»

«ወዴት?»

«ቤትዎ።»

«እኔ እዚህ ነኝ እኮ።»

«የምፈልገው እርስዎን አይደለም።»

እትዬ ናጂዬ ሳቋን በመሐረብ ያዘችው። መኪናው ገና ይንሸራተታል። ጋሽ ረጀፕ በመስታወቱ ልጁን አየ። ልጁም አባቱን አየ። እንግዲህ ልጁ ከወረደ ዱናቫት ሁሉ እያየ ነው፤ ነጩ መኪና ዳገት አቃተው፣ የጫነው ሰው ወርዶ በእግሩ ሄደ ይባላል። ጋሽ ረጀፕ ዓይኑን ከመስታወቱ ነቅሎ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መኪናው ቀጥ አለ።

አቶ ጀቭዴት ከነዱቄታቸው ወረዱ። ፔትሪት ትሪውን ከፍ አድርጎ ወጣ። ወደ ኋላ ሳያይ ዳገቱን ተያያዘው።

«ምስክር ነኝ» አሉ አቶ ጀቭዴት ማንንም ሳያዩ፤ ተመልሰው ገቡ።

*

ዜፍ መኪናውን ወደ ታች፣ ዳገቱ ሥር ካለው ምንጭ አጠገብ ሜዳ ላይ አስመለሰው። ጋሽ ረጀፕ እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ ያዘው።

«አታጥፋው።»

«ዘይት ልትለካ አይደል?»

«የሞተር ዘይት ሲሆን ታጠፋለህ። የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞቆ፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ስታጠፋው ላይ ላይ የሚዞረው ሁሉ ወርዶ ይጠራቀምና ሙሉ ነኝ ይልሃል።» መለኪያውን መዘዘ፣ በቆዳ መጥረጊያ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዘዘ። ለአቶ ጀቭዴት አቀረበላቸው። «ምን ይታይዎታል?»

«ምንም።»

«እሱን ነው እንዲያዩልኝ የፈለግኩት።»

«ታዲያ የት ገባ?» አለ ጋሽ ረጀፕ። «ጋራዤ ውስጥ አንዲት ጠብታ የለም። መሬቱ ላይ እንጀራህን ዘርግተህ ትበላለህ።»

ዜፍ ከሞተሩ ላይ ቀጭን ቱቦ ነቀለና ጫፏን ወደ መዳፉ ደፋት። ቀይ ዘይት ጠብ አለ።

«ካምቢዮው ጎን ላይ ብርጭቆ የምታህል ቆርቆሮ አለች፤ ውስጧ ስስ ጎማ ነው። ሞተሩ በዚህች ቱቦ ጎማዋን ይስባታል፤ ካምቢዮው መቼ ማርሽ እንደሚቀይር የሚያውቀው በእሷ ነው። አርጅታ ተቀዳለች። ስለዚህ ሞተሩ በቱቦው የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ያቃጥለዋል። ነጩ ጭስ እሱ ነው። መሬት ላይ የማታየው ወደ ሰማይ ስለሚሄድ ነው። የቀረችው ዘይት ስትሞቅ አረፋ ትሆናለች፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ ያኔ ማርሹ የሚይዘው ያጣል።»

ከዚያ ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸው፤ አፍንጫው ጋ አደረሰው። ሦስት ትውልድ ሙሽራ ያወጣ መኪና በሁለት ጣት መሃል ነበር።

«አላረረም» አለ ዜፍ። «ጠቁሮ ቢሸት ኖሮ ካምቢዮው አብቅቶለታል እልህ ነበር። ገና ቀይ ነው። አንዲት ጎማ ናት።»

ጋሽ ረጀፕ የመኪናውን ጎን ደገፍ አለ። አቶ ጀቭዴትን ሳይሆን የፊተኛውን ጎማ እያየ ነው የተናገረው።

«ስለልጅዎ የሰማነው ነገር የለም። ሰዓቱም አልነበረም። አቅቶት ነው። አቃተው ማለት አቅቶኝ ነው።»

አቶ ጀቭዴት ጥቁሩ ልብሳቸው ደረቱ ድረስ ዱቄት ሆኗል። «ለመኪና ብለህ ልጄን አስወራህባት?»

«አዎ።»

አቶ ጀቭዴት ወደ ምንጩ ዞሩ።

«እኔ» አሉ አቶ ጀቭዴት ቆይተው፣ «እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣሪያዬ የሚያፈስበትን ባልዲ አልጋ ሥር ነው የምደብቀው። አንድ ጊዜ እንግዳው አልጋው ላይ ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ሰምቶ፣ ጠዋት ‹ቤትዎ ውስጥ ሰዓት አለ?› አለኝ። አለ አልኩት።»

ጋሽ ረጀፕ ቀና አለ። ሁለቱም አልሳቁም፤ ግን ከዚያ በኋላ ቁልቁል የተያየ ሰው አልነበረም።

ዜፍ የቱቦዋን አፍ በብሎን ደፈነ፤ በመለኪያው ቀዳዳ ቀዩን ዘይት ቀስ እያለ ሞላ። «ማርሽ ሲቀይር ይመታችኋል» አለ፣ «ግን ይወጣል። ግቡ።»

*

ፔትሪት በሩ ጋ ሲደርስ በእስትንፋሱ እንጀራውን የሚበላው ሰው እስትንፋስ አልቀረለትም። የባቅላቫው ሽሮፕ ከትሪው ፈስሶ በሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ወርዷል።

ብሪኬና እስኪተነፍስ ጠበቀችው። አልረዳችውም።

«ያን ቀን ለምን አልወረድክም?» አለችው።

«ብወርድ ኖሮ መኪናው እንዳቃተው ሁሉም ያውቃል።»

«እና?»

«አባቴ በመስታወት ሲያየኝ ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አሳዘነኝ፤ ቁጭ አልኩ።»

«ለአባትህ አዝነህ እኔን አሳፈርክ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ብዙ ይናገር ነበር። ፔትሪት «አዎ» አለ።

እሷም ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቅ የነበረው ለካ ይህን አንድ ቃል ነው። ማብራሪያ አይደለም፤ በሩን ገርበብ አድርገው የሚሰሙት ዓይነት አይደለም። ዓይኗ ሞላ፤ ተናደደችበት፤ በቀሚሷ ጫፍ የእሱን ክርን መጥረግ ጀመረች፣ የራሷን ዓይን መጥረግ ሲገባት።

«ዛሬስ አባትህ አላሳዘነህም?»

«አሳዝኖኛል። እያሳዘነኝ ወረድኩ።»

ከታች የመኪናው ድምፅ መጣ። አይጮህም፤ በየማርሹ ደንገጥ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ ደረጃ አንድ አንድ እያለ ይወጣል። ጥምዝዙን አለፈ። ዱናቫት አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

«መጡ» አለች ብሪኬና። ክርኑን ለቀቀች። «አንተም ከነሱ ጋር ቁም። ሥርዓት ነው።» ገባችና በሩን ዘጋችው።

መኪናው ደርሶ ሁሉም ወረዱ። እትዬ ናጂዬ መሐረቧን አስተካከለች። ጋሽ ረጀፕ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። በሥርዓቱ የቤቱ ጌታ ከውስጥ «ማን ነው? ምን ፈልጋችሁ?» ይላል፤ አማላጁ ይመልሳል። ለካ አማላጁ ቀርተዋል። የቤቱ ጌታ ደግሞ ጆንያ ዱቄት ታቅፈው ከጠያቂዎቹ ጋር ደጅ ቆመዋል።

ይህን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያስታወሱት ይመስለኛል።

«ማን ነው?» አለ ከውስጥ የብሪኬና ድምፅ። «ምን ፈልጋችሁ?»

ጋሽ ረጀፕ ወደ አቶ ጀቭዴት ዞረ። ዜፍ የማንም ዘመድ ስላልሆነ ወደ ሰማይ አየ። አቶ ጀቭዴት ጆንያውን መሬት አስቀመጡ፤ ደረታቸውን ሁለት ጊዜ አራገፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሁሉም ወገን አባባሉን በትክክል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ልጅ ልንጠይቅ መጥተናል» አሉ።

«የማንን ልጅ?»

«የእኔን።»

«ለማን?»

አቶ ጀቭዴት ፔትሪትን አዩት። ሸሚዙን፣ ትሪውን፣ አቧራ የጠጣ ጫማውን።

«በእግሩ ለመጣው» አሉ።

ከበሩ ወዲያ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ ያልለየለት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ መቀርቀሪያው ተነሣ።